በእኛና በልብስ ሰፊው መካከል

ሰፈራችን ዛሬ ሰው ሻይ ሊጠጣ ከሌላ ሰፈር የሚመጣበት ሆኗል። ኮብልስቶን ተነጥፏል፣ የመንገድ መብራት ቆሟል፣ ካፌዎቹ ወንበራቸውን ደጅ አውጥተው ደርድረዋል። ከደብረ ታቦር መሀል ከተማ ትንሽ ወረድ ያለ እንግዳ እኛ ጋ ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ይነሣል። እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ስላደግሁ፣ በዚያ ድንጋይ ላይ ስሄድ የቱ ጋ ማን እንደተፈነከተ ነው የማስታውሰው።

ድሮ የአረቄ ቤት ሰፈር ነበርን። ደርግ ሲወድቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መንግሥት ተለወጠ፣ የእኛ ሰፈር ዱላ ግን አልተለወጠም። በገበያ ቀን ገብሱን ሸጦ የሚመለስ ባላገር እናቴ ቤት ሁለት ሦስት መለኪያ ይጠጣል። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው የአባቱን ስም በክፉ ያነሣበታል፤ ከዚያ ሁለቱም ደጅ ናቸው። አንድ ጊዜ ጭንቅላቱ የተከፈተ ሰው ከበራችን ላይ ወድቆ፣ እናቴ አረቄውን በቁስሉ ላይ ስታፈስበት የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። በማግስቱ መጥቶ አመስግኗት ጠጥቶ ሄደ።

እኔም ከዚያው ጭቃ ነው የወጣሁት። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ የሰበርኩት የሰው ጥርስ አለ፣ የሰበሩብኝም አለ። እናቴ ስትሞት ከእኔ በስምንት ዓመት የሚያንስ ወንድሜን ያሳደግሁት በፍቅርም በኩርኩምም ነው። እሱ በተፈጥሮው ረጋ ያለ ልጅ ነበር። እኔ ነበርኩ የማልረጋው።

ከጎናችን አንድ ልብስ ሰፊ ይኖሩ ነበር። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ሲለኩኝ፣ «ይቺ ልጅ በየዓመቱ ስንዝር ትጨምራለች፣ ምን እያበላችኋት ነው?» እያሉ እናቴን ያስቋት ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ልጆቹ አድገው አንዱ ይፋግ አካባቢ በእናቱ አገር ሲያርስ፣ ሌላው በጭነት መኪና ሹፌርነት ተቀጠረ። ልብስ ሰፊውና ሚስታቸው ብቻቸውን ቀሩ። ጋሼ እላቸው ነበር፤ እንደ አባት ነበር የማያቸው።

ከዚያ መልሶ ማልማት መጣ። ስብሰባ ተጠራ፣ ካርታ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ ከፊታችን ያለው ረድፍ ቤት ሁሉ ቀይ ቀለም ተቀባ። አረቄ ቤቶቹ ሁሉ እዚያ ረድፍ ላይ ነበሩ። ዶዘሩ የመጣ ዕለት አንዲት ጎረቤታችን መንገዱ ላይ ተኛች፤ ወንድሟ በወረወረው ድንጋይ የሾፌሩ ግንባር ተተረተረ። ሾፌሩ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ ወርዶ ሰውየውን በቡጢ ሲያነጥፈው እኔ ከአጥራችን ላይ ቆሜ አይቻለሁ። እስከ ማምሻው ሁሉም ፈርሶ አልቋል። አቧራው ሲወርድ ከኋላ የነበርነው እኔና ልብስ ሰፊው ፊት ሆነን አገኘነው። ቤቶቻችን ጎን ለጎን እንደቆሙ ኮብልስቶን ሊነጠፍበት በተቃረበ ሰፊ መንገድ ዳር ወጡ። ጉድ ነው፤ ዕድሜ ልካችንን ተደብቀን ኖረን በአንድ ቀን ታየን።

ዩኒቨርሲቲው ተማሪ አመጣ። እኔ የፊቱን ክፍል አስፈርሼ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትሁ። ልብስ ሰፊው የምረቃ ሱፍ መስፋት ጀመሩ፤ መስኮታቸውን መስታወት አስገቡበት። የሁለታችንም ቤት ጠባብ ነበር። በሁለታችን ቤት መካከል ደግሞ አንድ መተላለፊያ አለ፤ እጄን ግራና ቀኝ ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካለሁ። ድሮ አመድ የምንደፋበት፣ በግ የምናስርበት ቦታ ነው። የእሳቸውም ወረቀት የእኔም ወረቀት «የጋራ» ነው የሚለው። መንገዱ ከመጣ በኋላ ግን ያ መተላለፊያ አንድ ሱቅ የሚወጣው ቦታ ሆነ። ተማሪዎች የጉና ተራራ ብርድ ያዘለ ዝናብ እየመታቸው ሲሰለፉ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደዚያ ይሄዳል። የእሳቸውም ዓይን ወደዚያው እንደሚሄድ አውቅ ነበር።

መጀመሪያ ሦስት ድንጋይ አስቀመጥሁ። በማግስቱ ድንጋዮቹ መንገድ ላይ ተጥለው አገኘኋቸው። እሳቸው በግ አሰሩ፤ ወንድሜ ገመዱን እንዲቆርጠው አደረግሁ። ሚስታቸው ወጥታ ስትረግመኝ የዕቃ እጣቢ ደፋሁባት። እንዲህ እያልን ወራት ሄዱ። አንቱ ማለቱንም ተውሁ፤ ያሳደጉኝን ሰውዬ መንገድ ላይ ቆሜ አንተ ማለት ጀመርሁ። አንድ ጠዋት ውሻችን መተላለፊያው ውስጥ አፏ አረፋ ደፍቆ ደርቃ ተገኘች። መርዙን ማን እንደሰጣት እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ማወቅ አላስፈለገኝም፤ ወጥቼ ሚስታቸውን የሰደብኩት ስድብ ካፌ የተቀመጡትን ሰዎች ሲኒ ከእጃቸው አስጥሏቸዋል።

ወንድሜ እኔ ስጮኽ መቆም አይችልም። ድንጋይ አንሥቶ አዲሱን መስኮት ሰበረው። ስባሪው የልብስ ሰፊውን ሚስት ክንድ ከክርን እስከ አንጓ ገሸለጠው። ያኔ ልብስ ሰፊው ሱፍ የሚተኩሱበትን ፍም የሞላ ካውያ እንደያዙ ወጡ። ወንድሜ ሮጦ ያመልጣል ብዬ ነበር፤ ግን ደሙን አይቶ ደንግጦ ቆሞ ነበር። ካውያውን ክንዱ ላይ አሳረፉት። ሥጋ ሲጠበስ ሸተተኝ። እሳቸውም ያደረጉትን ሲያዩ ካውያውን ጣሉት፣ ፍሙ ድንጋዩ ላይ ተበተነ፤ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው መሬት ላይ ተቀመጡ። ጎረቤት ገላገለን። ሁለታችንም ጥፋት ስለነበረብን ሁለታችንም ሳንከስ ቀረን። በወንድሜ ክንድ ላይ ግን የካውያው ጫፍ ቅርፁ እንዳለ ቀረ።

ገና ሲደርስ ቁስሉ ደርቋል። የሰፈራችን ወንዶች በየዓመቱ ገና የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ቆሞበታል። ሌላ ሰፈር ቢሆን ጨዋታው ይቀር ነበር። የእኛዎቹ ግን መንገዱን ከላይና ከታች በድንጋይ ዘግተው ኮብልስቶኑ ላይ እንጫወት አሉ። ያበደ ሰው ብቻ የሚያስበው ነገር ነው። ሩሯ ከወይራ የተጠረበች ጠንካራ እንጨት ናት፤ ሣር ላይ ትንከባለላለች፣ ድንጋይ ላይ ግን ትዘላለች፣ አቅጣጫ የላትም። ካፌዎቹ ወንበራቸውን አስገቡ፣ ባለ መስታወቶቹ በብርድ ልብስ ሸፈኑ። የሩቅ አገር የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሳይቀሩ ሊያዩ ተሰበሰቡ።

እንደ ሁልጊዜው ያገቡት፣ ልብስ ሰፊውም ጭምር፣ በአንድ ወገን፣ ያላገቡት በሌላ ወገን ይሆናሉ። እዚህ አገር በገና ጨዋታ ለተመታ ሰው ክስ የለም፣ ካሳ የለም፣ ቂም የለም። ጥርሱም ቢወልቅ ጉልበቱም ቢሰበር አሳስሮ ቤቱ ይገባል፣ ከመታው ሰው ጋርም ጠላ ይጠጣል። ይህ የሚሠራው ግን ሩሯ እዚያ ካለች ብቻ ነው። ሩሯ በሌለችበት የተሠነዘረ ምት ጨዋታ አይደለም፤ ዱላ ነው፣ የዱላም ጠያቂ አለው።

የዚያን ጠዋት ወንድሜ መሄድ አልፈለገም። ክንዱን እያሻሸ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ልረሳው ብዙ ሞክሬያለሁ።

«ክንድህ ላይ ተተኩሶብህ ከኔ ጋር ቤት ዋል እንግዲህ። ቀሚሴን ላውስህ?»

«እታለም፣ ተይ» አለኝ።

«ዛሬ የመታ አይጠየቅም» አልኩት። «ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም።»

ተነሥቶ የሟች አባታችንን ገና፣ ይጫወትበት የነበረውን ቆልማማ ዱላ፣ ከማጀት አውጥቶ ሄደ። እኔ ጸጉሬን አሠርኩ፣ ነጠላዬን ለበስኩ፣ በሬ ላይ ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፤ ልቤ በደስታ ይመታ ነበር።

ጨዋታው ገና ሲጀመር ሁለት ሰው ተፈነከተ። አንዱ እጁን በነጠላ ጠቅልሎ ወጣ። ሩሯ የአንዱን ካፌ ምሰሶ መትታ ተመለሰች፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ወንዶቹ እየተጋፉ ወደ ታች ወረዱ። ዓይን ሁሉ ወደ ታች ወረደ። ልብስ ሰፊው ግን ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ነው፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ከመተላለፊያው አፍ ላይ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ይዘው ቀርተዋል። ሩሯ ከእሳቸው ሠላሳ እርምጃ ርቃለች።

ወንድሜ ከጎን መጣ። ገናውን በሁለት እጁ ይዞ አነሣው። መጥራት እችል ነበር፤ አልጠራሁም። ድምፁ ደረቅ ቅል ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር። ልብስ ሰፊው በጎናቸው ድንጋዩ ላይ ወደቁ፤ ሁለቱን እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እግራቸው ብቻ ይራገጣል። ደሙ በኮብልስቶኑ መካከል ባለው ስንጥቅ ተከፋፍሎ መሄድ ጀመረ። ወንድሜ ቆሞ እኔን አየኝ። «ደስ አለሽ?» የሚል ልጅ ፊት ነበር። ደስ አላለኝም። ደስታዬ ሁሉ በአንዴ ወጥቶ ሄደ።

ሰው ሲሰበሰብ ወንድሜ፣ «ሩሯ ከእግራቸው ሥር ነበረች» አለ። ማን አየ ሲሉት ወደ እኔ ጠቆመ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አዎም አይደለምም ሳልል ወደ ቤት ገባሁ።

ልብስ ሰፊው ጎንደር ሆስፒታል ተወስደው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ግራ ዓይናቸው የለም። ሁለቱ ልጆች ደግሞ ከእሳቸው በፊት መጥተው ነበር። ጋቢያቸውን ደርበው በአባታቸው ደጅ፣ ፊታቸውን ወደ እኛ ደጅ አዙረው ተቀመጡ። ከጋቢው ሥር ምን እንዳለ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። አይሰድቡም፣ አይዝቱም፤ ተራ በተራ እየበሉ በራችንን ያያሉ። ጎረቤት ሲለምናቸው ታላቅየው፣ «ሽማግሌ ይፍረድ። ጨዋታ ከሆነ ጨዋታ ነው። ካልሆነ ግን ልጁን ይርሱት» አለ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተዘጋ። ወንድሜ ሽንት ቤት የሚሄደው እኔ ከፊቱ እየሄድሁ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቀሚሴን ላውስህ ያልኩት ልጅ በቀሚሴ ተከልሎ ነበር የሚሄድ።

ሽማግሌዎቹ ሰፈሩን ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሰበሰቡት። ልጆቹ ጠመንጃቸውን ለሽማግሌ አስረክበው ገቡ። ልብስ ሰፊው ፊታቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡና ገዘቱን፤ ያየውን የደበቀ፣ ያላየውን አየሁ ያለ፣ ከቅዱስ ቁርባንም ከክርስቲያን መቃብርም የተለየ ይሁን አሉ። እኛ አገር ግዝት ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ከእስር ቤት ይልቅ እሱን ይፈራል።

ወንድሜ ተነሥቶ ያንኑ ደገመ። ታላቅየው ልጅ፣ «ሌላስ ማን አየ?» አለ።

«እኅቱ» አለ ሕዝቡ።

ቄሱ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ተነሺና ያየሽውን ተናገሪ። ነፍስሽን አስቢ» አሉኝ።

ተነሣሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ያጠናሁት ውሸት ምላሴ ላይ ነበር። ነፍሴን አስቤያለሁ፤ ወንድሜንም አስቤያለሁ፤ የመረጥሁት ወንድሜን ነው። ልጆቹ ግን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩኝ ነበር፤ አፌን ስከፍት ድምፄ እንደማይረዳኝ አወቅሁ። ተርበተበትሁ።

«በሕግ አምላክ!»

ልብስ ሰፊው ነበሩ። ቆመዋል። በሕግ አምላክ ሲባል ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ እኔም ዝም አልሁ።

«የተመታሁ እኔ ነኝ፤ እኔ ልናገር» አሉ። «ሩሯ ከእግሬ ሥር ነበረች። ልመታት ጎንበስ አልሁ፤ ልጁም ሊመታት ሠነዘረ፤ ፊቴ መካከል ገባ። ጨዋታ ነው።»

«አባዬ!» አለ ታላቅየው ከመቀመጫው ተነሥቶ።

«ቁጭ በል!»

ቄሱ መስቀሉን ወደ እሳቸው አቀረቡ። «በግዝቱ ውስጥ ሆነህ ነው?»

«በግዝቱ ውስጥ ሆኜ ነው፣ አባ» አሉና መስቀሉን ተሳለሙ። እኒህ ሰው አንድም ጾም ሲሽሩ አይቼ አላውቅም። በአጠገባቸው ስለነበርሁ ከንፈራቸው መስቀሉን ሲነካ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ወንድሜ ድንጋይ ተሸክሞ በጉልበቱ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ አነሡት። ልጆቹም ሳሙት፤ አሳሳማቸው የሚያስፈራ ነበር፣ ግን ሳሙት። መተላለፊያው ማንም ሳያጥረው መተላለፊያ ሆኖ እንዲቀር ተፈረደ። በማግስቱ ልጆቹ ጠመንጃቸውን ተቀብለው ወደየመጡበት ሄዱ፤ እኔም ሱቄን ከፈትሁ።

ወንድሜ ሳይቆይ ልቡ ሞላ። ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ካፌ ተቀምጦ ሩሯ እንዴት እንደመጣች፣ እሱም እንዴት እንደሠነዘረ በእጁ እያሳየ ያወራ ጀመር። ራሱን አሳምኗል። በመስኮት ሳየው ወጥቼ በጥፊ ላጮለው እልና፣ ማን ያስተማረው ነው ብዬ እቀመጣለሁ።

ካንድ ወር በኋላ አንድ ቀትር ላይ መተላለፊያውን ተሻግሬ ልብስ ሰፊው ቤት ገባሁ። ስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው የአንድ ተማሪ ሱሪ ይሰፋሉ፤ ስፌቱ ሄዶ ሄዶ ጠምሟል፤ ይተረትሩታል፣ እንደገና ይሰፉታል። ተቀመጪ አላሉኝም።

«ጋሼ፣ ለምን እንደዚያ አሉ?» አልኩ።

«ምን አልሁ?»

«ሩሯ እዚያ አልነበረችም።»

ቀና አላሉም። «አንቺስ ምን ልትይ ነበር የተነሣሽ?»

«ከእግርዎ ሥር ነበረች ልል ነበር።»

«አንቺን አያምኑሽም ነበር» አሉ። «የኔን ነው እሚያምኑ። ለወንድምሽ ብዬ እንዳይመስልሽ። ልጄ አንዴ ቢተኩስ ሁለቱም ጫካ ነው እሚገቡ። ዓይኔማ አንዴ ጠፍቷል፤ ልጆቼን ልጨምርበት?»

«ግዝቱስ?»

«እሱ የኔ ነው። አንቺን አይመለከትም።»

መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድሁም። «ጠዋት ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ አልፈለገም ነበር። ዛሬ የመታ አይጠየቅም ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።»

መኪናው ቆመ። ተነሡ፣ ፊቴ ድረስ መጡ፣ እጃቸውን አነሡ። አልሸሸሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። ያ ጥፊ እንዲያርፍብኝ የፈለግሁትን ያህል በሕይወቴ የፈለግሁት ነገር ያለ አይመስለኝም። ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም። ስገልጥ፣ ባነሡት እጃቸው ከጠፋው ዓይናቸው የሚወርደውን ውሃ እየጠረጉ ነበር።

«ሂጂ» አሉኝ፣ «ተማሪዎች በርሽ ላይ ቆመዋል።»